የሳፋው ውሃ

ሚስት መጀመሪያ የጠረጠረችው ሌላ ሴት ነበር። ባሏ የሚሠራው በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የቀለም ፍሳሽ ኩሬ ላይ ስለሆነ፣ የሥራ ልብሱ የታጠበበት ሳፋ ሁልጊዜ ሰማያዊ ይሆን ነበር። ሰሞኑን ግን ውሃው ጥርት እንዳለ ይደፋል። ሸሚዙ ላብ ላብ እንኳን አይልም። ባል ደግሞ ሌላ ቤት ካልታጠበ በቀር ከእንዲህ ያለ ሥራ እንዲህ ሆኖ አይመጣም።

«አንተ፣ የት ነው የምትውለው?» አለችው እሑድ ረፋድ ላይ፣ ልብስ እያጠፈች።

«ሥራ ነዋ! ፋብሪካው ኩሬው ውስጥ ከአቧራ ይልቅ የደቀቁ ሞተሮች በትኗል አላልኩሽም? ብርሃን ሲነካቸው ይነሱና ቀለሙን ይበሉታል። ሲጨልም ቀጥ ይላሉ።»

«ታዲያ አንተን ማን አጠበህ?»

«አንድ ቀን አዳልጦኝ ገባሁ። በቃ።» ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ድሮ እንቅልፍ እንቢ የሚለው ሰውዬ አሁን መብራቱ እንደጠፋ ለጥ ነው። አንገቱን አየችው። ከጆሮው ሥር፣ እናቱ «ማርያም የሳመችው» የሚሉት ጥቁር ምልክት የለም። ቆዳው እንደታጠበ ሳህን ሆኗል።

«ማርያም የሳመችህስ?»

«የምን ማርያም?» አለና እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ።

ልብሱን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ሄደችና ወፍራሙን መጋረጃ ሳበችው።

«ኧረ ምን ነካ—»

ክፍሉ ጨለመ። ጠበቀች። ትንፋሽ እንኳን አይሰማም። መጋረጃውን ቀስ ብላ ገለጠችው። እጁ አየር ላይ፣ አፉ እንደተከፈተ ነው። ፀሐይዋ ፊቱ ላይ አረፈች።

«—ሽ?» አለ።