ለቆፋሪው የታሰረ ክር

በፈረንጆች አቆጣጠር 1987 ነበር። ነሐሴ ቢገባም ዝናብ አልጣለም። በዳንታሊያ መንደር ዘሩ አፈር ውስጥ እንዳለ ደረቀ፤ ከብቱም በየአጥሩ ሥር ወደቀ።

ጎርዳን ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ወንድ ልጅ የለውም። ታላቂቱ ሱግኒ ሃያ ስድስት፣ ታናሺቱ ዳፑ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ዳፑ «ጠገብን» ማለት ነው፤ ሁለተኛዋም ሴት ሆና ስትመጣ አያቷ ያወጡላት ስም ነው።

ጎርዳን ብዙ አይናገርም። ራቱን ግቢው ውስጥ ብቻውን ይበላል። ልጆቹ ማድ ቤት ሲሳሳቁ ይሰማል፤ ብቅ ሲል ዝም ይላሉ። ማድ ቤቱ የሱግኒ ነው። ዳፑ የጋገረችውን ውሻም አይቀምሰውም እየተባለ ይቀለዳል።

ለሱግኒ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ መጥቶ ነበር። ጎርዳን ሦስቱንም «ቤቱን ማን ይይዛል?» ብሎ መለሰ። አራተኛ የመጣ የለም። መንደሩም እሱም ነገሩን ተዉት። አሁን የሚያሳስበው ዳፑ ናት። ስሟ በሰው አፍ ካልገባ ኅዳር ላይ ሊድራት ቆርጧል።

ሰኔ ላይ ጉድጓድ ቆፋሪ መጣ። ኬማ ይባላል። ወገናቸው ነው፤ ግን የሩቅ መንደር ሰው፣ ከድንኳኑ በቀር ቤት የሌለው። መንደሩ ምግቡን በየተራ ያቀብለው ነበር። የጎርዳን ቤት ተራ በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ዳፑ ግን ሦስት ቀን ትሄዳለች። ስትመለስ ሱግኒ በር ላይ ትጠብቃታለች፤ ተያይዘው ይገባሉ፤ ሹክሹክታው ይጀምራል።

የወንድሙ ሚስት ሩክማ መጥታ ነገረችው።

«ጎርዳን፣ ልጅህ የጉድጓዱን መንገድ አለሰለሰችው።»

«ማን አየ?»

«ማን ያላየ አለ? ፍየሎቹ ሳይቀሩ አይተዋል።»

በማግስቱ ጎርዳን ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ኬማ ተቀምጦ ይበላ ነበር፤ ሲያየው ብድግ አለ። ጎርዳን ምን ያህል እንደ ቆፈረ ጠየቀው። ሰባ ክንድ መድረሱን፣ አፈሩ ግን ገና ደረቅ መሆኑን ነገረው። ከዚያ ምንም ሳይጠየቅ፣

«እንዲህ ያለ የማሽላ ቂጣ እናቴ ከሞተች ወዲህ አልቀመስኩም» አለ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

ለጎርዳን ይህ በቂው ነበር። ቤቱ ሲደርስ ዳፑን በጥፊ መታት። እዚያ ምን እንደምትሠራ ጠየቃት። ምግብ አደርሳለሁ አለች። ሌላስ አላት። ሱግኒ ልትናገር ወደ ፊት ስትመጣ ዳፑ ክንዷን ይዛ መለሰቻት።

የክር በዓል ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። በዚያ ቀን እህት ለወንድሟ ክር ታስራለች። በጎርዳን ቤት ግን ወንድም ስለሌለ፣ ሟች እናታቸው ሁለቱን ሕፃናት ፊት ለፊት አስቀምጣ አንዷ ለሌላዋ እንድታስር አስለመደቻቸው። ጎረቤት ሳቀ። እነሱ ግን አንድም ዓመት አላጓደሉም።

ጎርዳን ሦስቱን ቀን አሰበበት። ክር የታሰረለት ሰው ወንድም ነው። ወንድም እህቱን አያገባም። መንደሩ እንዲህ ያለውን ወሬ ሲዘጋ የኖረው በዚሁ ነው።

በበዓሉ ጠዋት ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ዳፑን ጠራት።

«ዛሬ ለቆፋሪው ታስሪያለሽ። ሰው ባለበት።»

ሱግኒ እጇን ሊጥ ውስጥ እንደ ነከረች ቀረች። ዳፑ እህቷን አየቻት።

«እሺ አባ። ግን ሁለት ክር ይግዙልኝ።»

«ሁለት ለምን?»

«እትዬንስ በዚህ ዓመት ልተዋት ነው?»

ነገር አላገኘበትም። ገዛላት።

ከቀትር በኋላ ዘመድ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ኬማ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ለምን እንደ ተጠራ ሲነገረው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ዓይኑ ወደ ማድ ቤቱ በር ሄደ። ጎርዳን መሸሻ የሚፈልግ መሰለው።

መጀመሪያ የሩክማ ሴቶች ልጆች አሰሩ። እንደ ደንቡ ለወንድማቸው በእጁ አንጓ ላይ፣ ቀጥሎም ለሚስቱ በአምባሯ ላይ። ሩክማ ዙሪያውን እያየች፣ ወንድም ያለው ቤት እንዲህ ያምራል አለች።

የዳፑ ተራ ደረሰ። ሱግኒ ጣፋጩንና ክሩን በሳህን ይዛ አጠገቧ ቆመች። ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። ጎርዳን በታናሽዋ አፍራ ነው አለ በልቡ።

ዳፑ ግን አላፈረችም። የኬማን እጅ ያዘች፤ ግንባሩን ቀይ ቀለም ቀባችው፤ ክሩን ሁለቴ ጠምጥማ አጥብቃ አሰረችው።

«እንግዲህ ወንድሜ ነህ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሰው ሁሉ ምስክር ነው። አባቴም ምስክር ነው።»

ጎርዳን ራሱን ነቀነቀ። ትንፋሹ መለስ አለለት። ኅዳር ላይ የሚድራትን ቤት እንኳ ማሰብ ጀምሮ ነበር።

ዳፑ ሁለተኛውን ክር አነሣች፤ ወደ ሱግኒ ዞረች። እንደ ወትሮው አንጓዋን ትይዛለች ተብሎ ሲጠበቅ ክሩን አምባሯ ላይ አሰረችው።

የሩክማ ምራት የራሷን አምባር ክር ዳሰሰች። ጎርዳን ታላቂቱን አያት፤ ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ አይቷት የማያውቅ ይመስል አያት።

ከዚያ ተነሣ። ከሳህኑ ላይ ጣፋጩን አንሥቶ ኬማን አጎረሰው፤ ማንንም ሳያይ ማድ ቤት ገባና እጅጌውን ሰብስቦ ሱግኒ ለራት የጀመረችውን ሊጥ ያቦካ ጀመር።