ቀስ ይበል

«አባባ፣ ጥራትና ፍጥነት አብረው አይሄዱም» አለ ቴክኒሻኑ ትዕግሥቱ እያለቀ። በእጅ የምትያዘዋን የጌም ማጫወቻ ገለባበጣት። «አቅሟ ትንሽ ነው። ምስሉን ካጠራሁት ጨዋታው ይንቀራፈፋል። ልጅዎ ይናደድብኛል፤ ልጆች የሚወዱት ፍጥነት ነው።»

ሽማግሌው ግን ወይ ፍንክች! «ግድ የለም፣ ብቻ ጥርት ብሎ ይታይ።»

«እኔ ምን ገዶኝ» ብሎ የምስሉን ጥራት እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገና የኳሱን ጨዋታ ከፈተው። እንዳለውም ሆነ። ተጫዋቾቹ ጭቃ እንደያዘው ሰው እግራቸውን ይጎትቱ ጀመር።

«ይኸው! አላልኩም?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አጠለቁና ስክሪኑን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ዘጠኝ ቁጥር የለበሰው ልጅ ጎል አግብቶ እየሳቀ ሲዞር ፊቱ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ ፍንጭት ጥርሱ ሳይቀር። ቴክኒሻኑ ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸውም ፍንጭት ናቸው።

«ተጫዋቹን የራሱን መልክ አስመስሎ ነው የሠራው፣ ልጄ ያፌት» አሉ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። «ሆስፒታል ተኝቶ፣ ሊያርፍ ሰሞን። እስከ ዛሬ ደብዝዞብኝ ነበር። ቀስ ብሎ ይሩጥ ልጄ፤ ከእንግዲህ ምን ያስቸኩለዋል?»