ሞት ይጠራል የተባለው ውሻ

"ማሎ፣ እባክዎ እትዬ ፈትለ! ይህ ውሻ መንደሩን ሳይጨርስ ይወገድልን!"

ኦቦ ነገራ ናቸው... የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ጊዜ፣ አምቦ ነው።

እትዬ ፈትለወርቅ ሙሾ አውራጅ ናቸው። ሰው ሲሞት ገና ጥሩምባው ሳይነፋ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

ውሻቸው ዳማ ማላዘን ሲጀምር... ብዙም ሳይቆይ ጥሩምባ ይነፋል። ስቶ አያውቅም!

"መልአከ ሞት ይታየዋል" አለ ሰፈሩ። በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ዳማን ሲያይ ያማትባል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሳቸውም ይፈሩታል። ግን ባለቤታቸው ጋሽ አሻግሬ ከሞቱ ወዲህ በዚያ ቤት ከእሱ ሌላ የላቸውም...

"እስከ እሑድ ታገሱኝ። በገዛ እጄ አስወግደዋለሁ" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት የታጠበ ነጠላቸውን ከገመድ አንስተው፣ ሳያስቡት እንደ ለቅሶ አዘቅዝቀው ለበሱት። እጃቸው የለመደው እሱን ነዋ!

ዳማ ማላዘን ጀመረ።

ኦቦ ነገራ ጥሩምባቸውን ይዘው ደጅ ቆሙ።

ጠበቁ... ጠበቁ...

ማንም አልሞተም።

እትዬ ፈትለወርቅ ነጠላቸውን አዩ። ውሻውን አዩ። አሁን ገባቸው።

ጋሽ አሻግሬ የተቀበሩ ዕለት ዳማ ጓሮ ታስሮ ያይ ነበር። እትዬ ፈትለወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ... የጌታው ሬሳ በዚያው በር ወጥቶ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ለቅሶ በተጠሩ ቁጥር፣ ያንኑ ነጠላ አዘቅዝቀው በር ይዘጉበታል!

ውሻው ሞት አልጠራም... "እርስዎም እንዳይቀሩብኝ" ነው የሚለው!

"ወይኔ ልጄን! ፈርተህ ኖሯል!" ብለው አቅፈውት አለቀሱ። ማስወገዱም ቀረ።

ከዚያ ምን አደረጉ መሰላችሁ?

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቤት ውስጥ ምስር ይለቅማሉ... የትም አይሄዱም። ሌላ ቀን እስከ በሩ ሄደው ይመለሳሉ። ቆይቶ እስከ ወንዙ... እስከ ገበያው። ሲወጡ አሮጌ ቀሚሳቸውን ያነጥፉለታል። ሲመለሱ ቀስ ብለው "መጣሁ" ይሉታል።

እያደር ዳማ ዝም አለ። ቀሚሱ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ይመለሳሉ... ገብቶታል።

አንድ ክረምት እትዬ ፈትለወርቅ ራሳቸው አረፉ።

ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ሬሳቸው በዚያው በር ወጣ። የሰው ሁሉ ዓይን ዳማ ላይ ነው...

አላላዘነም።

ቀሚሱ ላይ ተኝቶ በሩን ያያል።

"አልቅስ እንጂ ዳማ!" አሉ ኦቦ ነገራ እንባቸው እየወረደ። ያኔ ይወገድልን ያሉት ሰው!

ምን ብሎ ያልቅስ? እየጠበቃቸው እኮ ነው...

ወገኖቼ፣ የሚጮህብንን ሁሉ ክፉ ነው ከማለታችን በፊት ምን አስፈርቶት እንደሆነ እንጠይቅ።

እኔን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል... እትዬ ፈትለወርቅ ዳማን መጠበቅ ባያስለምዱት ይሻል ነበር? እናንተስ ምን ትላላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።