ስምንተኛዋ ጽጌረዳ

ካሜን ሚስቱን ኔዳን ጥሎ ከሌላ ሴት ጋር ቫርና ከተማ ገባ። ሊሄድ ሰሞን የሰጣት ሰባት ጽጌረዳ ግን እንዲደርቅ አልተፈቀደለትም፤ አማቷ፣ የካሜን እናት፣ ጠዋት ጠዋት የጠወለገውን ከማስቀመጫው እየነቀሉ ከጓሮ በቆረጡት ይተኩታል። ዛሬ እሱ ከሰጣት የቀረችውን የመጨረሻዋን አወጡ።

“አባቱም ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ ተመልሷል፤ የትም አይደርስ! አንቺ ብቻ ቤትሽን ጠብቂ” አሉና አበባውን ቆጠሩ። ሰባት።

ኔዳ ከተቆረጠው የተረፈችውን አንድ ጽጌረዳ አንስታ ጨመረች። እሾሁ ሲወጋት ደሙን አየች እንጂ አልተሰማትም።

“ምን ነካሽ ልጄ! ስምንት ሆነ እኮ! ቁጥሩ ጥንድ የሆነ አበባ ለሙት ብቻ ነው የሚቀመጠው!”

“አውቃለሁ፣ እማማ።”

በር ሥር ያቆመችውን ሻንጣ አንስታ ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው።