ጋቢናው ለልጅቱ

"አይሆንም፤ ይነቃነቃል" አለች ነርሷ፣ የሕፃን መቀመጫውን ይዛ ግራና ቀኝ እየወዘወዘች። ይድነቃቸው፣ ባለቤቴ፣ የመኪናው ኋላ ወንበር ላይ እንደተንበረከከ ላቡን በክንዱ ጠረገ። እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሦስት ቀኗን ዮዳሄን ታቅፌ አያለሁ። መቀመጫው በደንብ ካልታሰረ ነርሷ ልጅቱን አትለቅልንም።

መኪናዋ አሮጌ ላንድክሩዘር ናት። ከእኔ በፊት ያገባት ሚስቱ ናት እላታለሁ። "ልጅ ሲመጣ ትሸጣታለህ" ብዬው ነበር፤ "ልጄ ቤቷ የምትገባው በሷ ነው" ብሎ ደረቀ። አሁን እንግዲህ ይቻላት። የኋላው መሀል ወንበር ጉብ ያለ ነው፤ ቀበቶውም እንደ ድሮ መኪና ወገብ ላይ ብቻ የሚያልፍ። ይድነቃቸው አንዱን ጎን ሲያጠብቅ ሌላው ይላላበታል።

አማቴ አባባ ልሳነወርቅ አጠገቤ ቆመዋል። ደሴ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳኛ ነበሩ፤ መኪና ላይ ከጋቢና ሌላ ቦታ ተቀምጠው አያውቁም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ጋ ከመጡም ጀምሮ ጋቢናው የሳቸው ነው። እኔ ሆዴ እስካፍንጫዬ ደርሶ እንኳ ኋላ ነበር የምወጣው፤ ማን ደፍሮ ይናገራል።

ዛሬ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ነው የመጡት። ትግሉን ትንሽ አዩና ሄደው የጋቢናውን በር በገዛ እጃቸው ከፈቱት።

"ምን ያደክማችኋል? ልጅቱ ጋቢና ትቀመጥ። እኔ ኋላ እሆናለሁ።"

 ጋቢናቸውን ለጳጳስም የሚለቁ አይመስለኝም ነበር።

"አይሆንም አባባ" አለ ይድነቃቸው፣ ቀና እንኳ ሳይል። "መሀል ነው የምትሆነው።"

"መሀል?"

"አዎ፣ መሀል።"

"መሀልማ ሰው ሲበዛ ነው የሚቀመጡት። የልጅ ልጄ ትርፍ ናት?" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ሴት ስለሆነች ነው?"

እንዲህ ብለው የሚጠይቁ ሰው መሆናቸውን አላውቅም ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አከብራቸው ነበር፤ ያኔ ወደድኳቸው። ግን ፊታቸው ጠቁሯል፤ ይሄን ሁሉ አገር አቋርጠው መጥተው፣ ያላቸውን ክብር አውጥተው ቢሰጡ ልጃቸው አልቀበልም አላቸው። ቤታችን በኩርፊያ ልንገባ ነው አልኩ በልቤ።

"ምን አሉ?" አለችኝ ነርሷ።

"ለምን ፊት አትቀመጥም ነው የሚሉት" አልኳት። የሚመቸኝን ተርጉሜ ሌላውን ዋጥኩት።

ነርሷ ወደ አባባ ሄደች። ጡጫዋን ጨብጣ ከፊት መጥቶ ሲላተም አሳየቻቸው፤ ከግራ በር፣ ከቀኝ በርም እንደዚያው። ከዚያ መዳፏን መሀል ወንበሩ ላይ አሳረፈች። "አደጋ ከየትም ቢመጣ የራቀው ቦታ ይሄ ነው። ጠብቆ ከታሰረ ማለት ነው። እምቢ ካለ፣ ከጋቢናው ኋላ ባለው ወንበር እናደርገዋለን።" ይሄኛውን አንድም ሳልውጥ ተረጎምኩላቸው።

አባባ መሀሉን ወንበር ትክ ብለው አዩት።

"ይድነቃቸው። አንተ እዚያ አይደለህ ያደግኸው?"

"ታዲያስ። ታላላቆቼ እነ ወንድይራድ መስኮት መስኮቱን ይዘው እኔ ጉብታው ላይ። ኮምቦልቻ እስክንደርስ እግሬ ይደነዝዝ ነበር።"

ይህችን ቅሬታ ከተጋባን ጀምሮ ስሰማት ኖሬያለሁ። ለአባቱ ሲናገራት ግን ገና የመጀመሪያው ነው።

"እኔ እኮ ታናሽ ስለሆንክ ብዬ ነው" አሉ አባባ።

"አውቃለሁ አባባ።"

"ለካስ ደህናው ቦታ ላይ ነው ያስቀመጥኩህ።" ፊታቸው ወለል አለ። ከእንግዲህ ማን ይችላቸዋል።

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጋቢናው ላይ አስቀመጡት። ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው ላይ ሰብሰብ አድርገው፣ መደገፊያውን ይዘው እያቃሰቱ ኋላ ወጡ። "ዞር በል። እኔ እጫነዋለሁ፤ አንተ ቀበቶውን ሳብ።" የተተኮሰ ሱሪ እንደለበሱ ጉልበታቸውን መቀመጫው ላይ ተከሉት።

"ሳብ።"

"እየሳብኩ ነው።"

"ሳብ እንጂ፤ ቁርስ አልበላህም?"

ይድነቃቸው ሳቁ አመለጠው፤ አባቱም ሳቁ። ሁለቱም እየሳቁ አንዱ ተጫነ፣ አንዱ ጎተተ፤ ያ እምቢ ያለው ቀበቶ አንድ ስንዝር ያህል ገባላቸው።

ነርሷ መጥታ መቀመጫውን ወዘወዘችው። መኪናዋ ተወዛወዘች እንጂ መቀመጫው ንቅንቅ አላለም። "በሉ፣ ውሰዷት" አለች። እልል ልል አፌን ከፈትኩና የኦፕሬሽን ስፌቴን አሰብኩት፤ በሆዴ እልል አልኩ።

ዮዳሄን ፊቷን ወደ ኋላ አዙረን አሰርናት። እኔ በአንድ በኩል ሆንኩ፤ አባባ በሌላው።

"አባባ፣ ጋቢናው እኮ ባዶ ነው" አለ ይድነቃቸው ሞተሩን እያስነሳ።

"ባርኔጣዬ ተቀምጦበታል። ይልቅ ቀስ ብለህ ንዳ።"

ከግቢው ሳንወጣ ወደ እኔ ዘንበል ብለው "ኋላ ወንበር ለካ እግር ያደነዝዛል፤ እውነቱን ነው" አሉኝ በሹክሹክታ።

ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ያዘን። ይድነቃቸው ፍሬኑን ሲረግጥ ባርኔጣው ከጋቢናው ተንሸራቶ፣ ተንከባሎ፣ ወለሉ ላይ ወደቀ። ልነግራቸው ብዬ ወደ አባባ ዞርኩ። አላዩም። ዮዳሄ ጣታቸውን ጨብጣ ይዛለች።