የሚያጣራ ሰው

ከጎፋ በታች ያለው ቀበሌ የዓሣ ኩሬ ነበረው። ከኩሬው ጎን ጠጠር የተሞላች፣ ፊላ የበቀለባት ትንሽ ገንዳ አለች። ውሃው ከኩሬው ይወጣል፤ ልጋግ በያዘው ጠጠርና በፊላው ሥር አልፎ ተጣርቶ ይመለሳል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ጌቱ ይህችን ገንዳ ይንቃት ነበር። ጓድ ጌቱ የማይንቀው ጥቂት ነው።

ለአሥረኛው የአብዮት በዓል እንግዶች ኩሬውን ሊጎበኙ እንደሚመጡ ተነገረው።

«በዚህ ረግረግ ፊት ነው ንግግር የማደርገው?» አለ።

የኩሬው ዘበኛ ሁንዴሳ ፈራ ተባ እያለ፣ «ጓድ፣ የሠሩት ሰዎች አትንኩ ብለዋል» አለው።

«ምኑን? ቆሻሻውን?»

«እሱን ራሱን።»

«ቆሻሻ የሚጠብቅ ዘበኛ ዛሬ ገና አየሁ!»

ሁንዴሳ አልነካም አለ። ሌሎች ፊላውን ነቀሉ። ጠጠሩ በበረኪና ታጥቦ፣ ተለቅልቆ እንደ ጥርስ ነጣ። ጌቱ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ተነሣ።

ሳምንት ሳይሞላ የኩሬው ዓሦች፣ ቆሮሶዎቹ፣ ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ተንሳፈፉ።

ጌቱ አሻጥረኛውን ለማግኘት አልተቸገረም። ሁንዴሳ ዓሣ መርዟል ተብሎ ቀበሌው ውስጥ ታሰረ። በዚያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ከቀበሌ እስር ቤት ቢወጣ፣ የሚወጣው ወደ ባሰው ነበር። ሚስቱ ፅጌረዳ ሳህን በጨርቅ ቋጥራ በሩ ላይ ትቆማለች።

«ጌታዬ፣ ልጆች አሉት» አለችው ጌቱ ሲያልፍ።

«ጌታ የሚባል ቀርቷል። ጓድ በይ!»

«ጓድ ጌታዬ።»

ጌቱ ሳቀና አለፈ።

ከበላይ ስልክ ተደወለ፤ «ነገ የሚያጣራ ሰው እንልካለን» ተባለ።

በማግስቱ ላንድሮቨር መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ካኪ የለበሰ ሰው ከመሪው ወርዶ ዞረና ለአንዲት ነጠላ የደረበች ሴት በር ከፈተ። ለታይፒስት በር የሚከፍት የበላይ አካል! ጌቱ በሆዱ ናቀው፤ በፊቱ ግን ፈገግ አለ።

«ለማጣራት ነው የመጣነው» አለ ሰውየው።

«እንኳን ደህና መጡ ጓድ! አሻጥረኛው በእጃችን ነው።»

ሰውየው ገንዳው አጠገብ ተንበረከከ፤ አንድ ጠጠር አንሥቶ አሸተተ። ጌቱ ፈቀቅ ብሎ ሴትዮዋን ክንዷን ያዛት።

«ስሚ አንቺ፣ ከምትገተሪ ሥራ ሥሪ። መጋዘኑ በር ላይ ሁለት የበረኪና ጀሪካን አለ። ጓዱ ሳያይ ከአጥሩ ኋላ ጣይልኝ።»

«ለምን?»

«ጠጠሩ የታጠበበት ነዋ። ላንቺ አይገባሽም።»

«ማን ነው ያሳጠበው?»

«እኔ ነኛ! ማን ሊሆን ነው፣ ያ ዘበኛ? እሱማ እንቢ ብሎ አስቸግሮኝ ነበር። ሂጂ፣ ወሬ አታብዢ!»

ሴትዮዋ ሄደች። ጌቱ ጀሪካኖቹን የት እንዳደረሰቻቸው ዞሮም አላየ።

ሰውየው ከተንበረከከበት ተነሣ።

«ልጋጉ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል» አለ። «ከዓሣው የሚወጣውን መርዝ ይለውጠዋል፤ የተለወጠውን ፊላው ይመገበዋል። አሁን ሁለቱም የሉም። ዓሣው የሞተው በገዛ ሽንቱ ነው።»

«ሁንዴሳ ነው ያጠፋቸው!»

«ማን እንዳጠፋቸው አልጠየቅሁም።»

ጌቱ እፎይ አለ። ይህን ሞኝ ፈርቶ መቆየቱ ሊያስቀው ምንም አልቀረው። ሴትዮዋ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ስትመለስ፣ «መኪና ውስጥ ጠብቂ» ብሎ በአገጩ አመለከታት። እሷ ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«እንግዲህ ጓድ አጣሪ» አለ ጌቱ፣ «ሁንዴሳን ዛሬውኑ ይወስዱልናል?»

ሰውየው ጫማውን አውልቆ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ።

«እኔ የማጣራው ውሃውን ነው» አለ ወደ ሴትዮዋ እያመለከተ፤ «ነገሩን የሚያጣሩት እሳቸው ናቸው።»