አግዳሚው ላይ አብራት የተቀመጠችው ሴት

"ሌላ ሚስት ነኝ የምትል ሴት መጥታለች።"

አሳየሽ ባለሙያው ያላትን ማመን አቃታት...

"ምን አሉኝ?"

"ባለቤትዎ ሃምሳ አለቃ ትግሉ ሌላ ሚስት ነበራቸው ተብሏል። ሁለታችሁንም ሳናነጋግር ጡረታው አይወሰንም። ውጭ ይጠብቁ።"

ወላይታ ሶዶ፣ አንድ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ነው ይሄ የሆነው።

አሳየሽ የመጣችው ከገሱባ ነው። ባሏ ግዳጅ ላይ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው ከጎረቤት እየተበደረች ነው። ተስፋዋ ይሄ ጡረታ ብቻ ነበር።

ወጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች... ተነሳች... እስከ ግቢው በር ሄደች... ተመለሰች...

የምትገባ ሴት ሁሉ ያቺ ሌላዋ ሚስት ትመስላታለች። ባለ ቀይ ሹራቧ... "ይቺ ትሆን?" ባለ ጃንጥላዋ... "ወይስ ይቺ?"

"እህቴ፣ አረፍ በይ እንጂ። ትወድቂያለሽ።"

አግዳሚው ጫፍ ላይ የተቀመጠች ቀጭን ሴት ናት። የያዘችውን ውሃ ሰጠቻት።

አሳየሽ የሆነባትን በአማርኛ ትነግራት ጀመር። ንዴቱ ሲብስባት ወደ ወላይትኛ ገባች። ሴትየዋም በወላይትኛ መለሰችላት።

"አንዷ ሌባ የልጆቼን ጉርሻ ልትቀማ መጣች! በቁሙ አላውቃት... ሲሞት ሚስቱ ሆነች!"

ሴትየዋ ጠጋ ብላ ጠየቀቻት...

"መቼ ነው የተጋባችሁት?"

"ገና ወታደር ሳይሆን።"

"ልጆቹስ... ትልልቅ ናቸው?"

"ትልቋ ስምንተኛ ክፍል ናት። ትንሹ አባቱ መሞቱን እስካሁን አላመነም። የወታደር መኪና ባየ ቁጥር ሮጦ ይወጣል..."

ሴትየዋ ፊቷን አዞረች።

ይሄኔ በሩ ተከፈተ።

"ወይዘሮ አሳየሽ! ወይዘሮ ሰገነት! ግቡ!"

አሳየሽ ብድግ ብላ ዙሪያዋን ቃኘች። የታለች?

አጠገቧ ያለችው ሴት ቀስ ብላ ተነሳች...

ሰገነት እሷ ነበረች!

"ቁጭ አድርገሽ ስታወጣጪኝ ነበር?!" ጮኸችባት አሳየሽ።

ሰገነት ቀድማት ገባች፤ አሳየሽም ተከተለቻት። ሰገነት ባለሙያውን አናገረችው...

"አረካ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትግሉ ሚስት የለኝም ብሎ ነው ያገባኝ። ልጅ አልወለድንም። ጥያቄዬን ትቻለሁ። ለልጆቹ ይሁን።"

"እርግጠኛ ነዎት? ቢጣራ እኮ..."

"ለገንዘቡ ብቻ አልመጣሁም። መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። ለቅሶ የደረሰኝ ሰው የለም። የማን ሚስት ናት ብለው ይምጡልኝ?"

ይህን ብላ ወጣች።

አሳየሽ ጉዳይዋ አለቀላት... ልቧ ግን አላረፈም። ተከትላት ወጣች። የለችም! መናኸሪያ ሮጠች። የአረካ ሚኒባስ ሊወጣ ሞተሩን አስነስቷል... ሰገነት መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች።

"ውረጂ!"

"እህቴ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግልሽ?"

"ውረጂ አልኩሽ! ለቅሶ ሳትቀመጪ የት ትሄጃለሽ? ነይ፣ ገሱባ እንሂድ።"

ሰገነት እዚያው መኪናው ውስጥ ድምጿን አውጥታ አለቀሰች...

ገሱባ ሲደርሱ ጎረቤት ተሰበሰበ። "ማናት እሷ?" ሹክሹክታው በዛ።

አሳየሽ እጇን ይዛ መሀል አስቀመጠቻት።

"እንደ እኔው ባሏ የሞተባት ናት። እዘኑላት።"

ወዳጆቼ... እነዚህን ሴቶች ባላንጣ ያደረጋቸው የአንድ ሰው ውሸት ነው። ሟች የተወውን ቂም ቋሚ መውረስ የለበትም። ስንቱን ሰው ነው ሐዘኑን ሳንሰማ የጠላነው?

እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ... እናንተ አሳየሽን ብትሆኑ ሰገነትን ከመኪናው ታወርዷት ነበር? ወይስ መኪናው ይዟት ሲሄድ ቆማችሁ ታዩ ነበር?